ለብሩክታይት፦ ሶዶ ዘግይቼ የደረስኩበት ምክንያት

ለልጄ ለብሩክታይት፤

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመምስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽን ጌታነህን ሥራው እንዴት ይዞታል? የልጅ ልጄ ትንሳኤስ ጥርስ አበቀለ? የዱባይ ሙቀት ሰው ያደክማል ሲሉ እሰማለሁና ሐሳቤ ከእናንተ አይለይም። እስከ ዛሬ የጠበቀን አምላክ በሰው አገር ብቻችሁን አይተዋችሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የበልጉ ዝናብ ገና ነው፤ ከጓሮ የምንቆፍረው ቦዬ ግን አላሳፈረንም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነን» ብዬ ዘጋሁ። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይከዳኛል። ስለዚህ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ወረቀት ማስያዝ ይሻላል አልኩ።

አጎትሽ ዳልጮ በጥር ማረፉን ሰምተሻል። ሊያርፍ ሲል ምን ብሎ እንደላከብኝ ግን አልሰማሽም። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ቤቴን አልረገጠም ነበር። ሶዶ፣ ልጁ ሳህሊቱ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ «ቶማ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። እህቴ ሐኪም ቤት አልሄድም ያለችው በገዛ አፏ ነው ወይ? ይህን ሰምቼ ልሂድ» ብሎ ላከብኝ። በማግስቱ ጠዋት ተነሳሁ።

ሚኒባስ ነበር። እኔ ግን አንቺ የላክሽልኝን በባትሪ የሚሄድ ሳይክል አወጣሁ። ከተረከብኩት ያን ጊዜ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ለሳህሊቱ ብዬም አንድ ጆንያ ቦዬ ከኋላዬ አሰርኩ።

የበዴሳ ገበያ ቀን ነበር። የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰላምታውም ከተቀመጡበት ወርዶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው። ወረድኩ። «ልጅህስ ደህና ናት? ላሚቱ ወለደች? ጉልበትህስ?» ይሉኛል፤ እመልሳለሁ። ከዚያ እጀታውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ተወርውሬ እነሳለሁ። «ኧረ ቶማ ጎረመሰ! ሚስት ሊፈልግ ነው!» ብለው ይስቃሉ። መቶ እርምጃ ሳልሄድ ደግሞ ሌላ ሰው፤ ደግሞ እወርዳለሁ። የባትሪውን ጉልበት ከሚያሳዩት አራት መብራቶች ገና ከከተማው ሳልወጣ አንዱ ጠፋ። የሶዶን ዳገት ሳላጋምስ ሁሉም ጠፉ፤ ሳይክሉም ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ክብደቱ እንደ ድንጋይ ነው። ገፋሁት። አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ቆመና ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «አባባ፣ ማን ነው ማንን የሚሸከመው? ግባ፣ እሱን ጣሪያ ላይ እንጭነዋለን!» አለኝ። «ደርሻለሁ፣ ሂዱ» አልኩት። አልደረስኩም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስደርስ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። ሳህሊቱ እጄን ይዛ፣ «እስከ ስምንት ሰዓት በሩን በሩን ሲያይ ነበር። ጋሼ ቶማ፣ ምነው በሚኒባስ ብትመጣ?» አለችኝ። «ባትሪው አለቀብኝ» አልኳት። ሽማግሌዎቹም «ምን ያድርግ፣ ብረት እኮ ነው» እያሉ አጽናኑኝ። ያ ማጽናናት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ከቀብር መልስ ሳይክሉን እንዲሸጥልኝ ሞተር ጠጋኙ ሻንቆ ዘንድ ወሰድኩት። እንዴት እንደነዳሁት ስነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ ቶማ፣ በሬ መሰለህ እንዴ ሰው ባየህ ቁጥር የምታሳርፈው? ባትሪ የሚበላው ከቆመበት ሲነሳ ነው» አለ። መሸጡን አስትቶ አነዳዱን አስተማረኝ። መጀመሪያ በእግር ረግጦ ማስነሳት፣ መንከባለል ሲጀምር ብቻ ባትሪውን መጨመር። ዳገት ሲመጣ ማርሽ አቅልሎ ከባትሪው ጋር አብሮ መርገጥ፤ ቁልቁለት ላይ እጀታውን መልቀቅ። ጎማውን ጠንከር አድርጎ መንፋት፣ ጆንያውን ለመኪና መተው። «ሰላምታ ደግሞ በደወል ነው፤ የተቀየመህን እኔ ዘንድ ላከው» አለኝ። መብራት በመጣ ጊዜ ቻርጅ እያደረግሁ ሦስት ሳምንት ተለማመድኩ።

ባለፈው ሐሙስ በዚያው መንገድ ሶዶ ወጣሁ። ደወሌን እየደወልኩ፣ እጄን እያነሳሁ፣ ለማንም ሳልወርድ። ከተማው ስገባ ሁለት መብራት ተርፎኝ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከመንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚያ ቀን ለእያንዳንዱ ሰው ስወርድ እግሬ ደስ ብሎት ነበር ልጄ። ዳልጮ ፊት መቆም ፈርቼ ነው። እግዚአብሔርም ያውቃል፤ እኔም ዳገቱ ላይ አውቄው ነበር።

እናትሽ አልሄድም አላለችም። ረቡዕ ዕለት ሆዷን ይዛ «ቶማ፣ ሶዶ ውሰደኝ» አለችኝ። ሐሙስም አለችኝ። እኔ «እንጸልይ፣ ጌታ ይፈውስሻል» አልኳት። ጸሎቱ ከልቤ ነበር። ነገር ግን ዓርብ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ምርጫ ነበረ፤ ስሜ ለሰብሳቢነት ተጠርቶ ነበርና መቅረት አልፈለግሁም። ተመረጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት እናትሽ ሞተች። ለቀስተኛው ሲጠይቀኝ «ራሷ እምቢ አለች» አልኩ። አንቺንም ያንኑ አልኩሽ።

ባለፈው ሐሙስ ሶዶ ስደርስ ለሳህሊቱ ይህንኑ ነገርኳት። በራፍ ላይ ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ግባ፣ ተቀመጥ አላለችኝም። «አባቴ እኮ ያውቅ ነበር። ከአፍህ ሊሰማው ነው የፈለገው» አለች። ቀጥላም «ለብሩክታይት ወይ አንተ ጻፍላት፣ ወይ እኔ እደውልላታለሁ» አለችኝ። እሑድ ከሰብሳቢነቱ ወረድኩ፤ ምክንያቱንም በጉባኤው ፊት ተናገርኩ። አሁን ገበያ ውስጥ ሳልፍ የሚያስቆመኝ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ ባትሪ እልክልሃለሁ ያልሽውን ተይው። ዛሬ ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ብትቆጪም ልክ ነሽ፤ ዝም ብትይም እጠብቃለሁ።

ጌታነህን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ለእሱ ማሳየት አለማሳየት የአንቺ ፈንታ ነው። ትንሳኤን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን የማርያምወርቅ ስምሽን እየጠራች ትመርቅሻለች። ሃላሌ ትምህርት ቤት የምታስተምረው እህትሽ ሶፊም ናፍቆቷን ልካልሻለች። እሷ ገና አልሰማችም። ቅዳሜ ሄጄ እናትሽ ያለችኝን እኔው እነግራታለሁ፤ ከእኔ አፍ እስክትሰማ ድረስ እንዳትቀድሚኝ።

አባትሽ ቶማ
በዴሳ፣ የካቲት 15 ቀን 2009 ዓ.ም.