የቅዳሜ እንግሊዝኛ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7
ከፋብሪካ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ትምህርት። የፈረቃ ኃላፊ ለመሆን እንግሊዝኛ ግድ ነው ተብለናል። የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬ ብሶበታል። ጣቴ እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ።

ቲቸር ራሔል ጎ፣ ዌንት፣ ጎን ብላ ጻፈች። ሁሉም መሄድ ነው። ግን ዌንት ከየት መጣ? «አብዛኞቹ ግሶች መጨረሻቸው ላይ ኢዲ ይጨመርባቸዋል። ይሄ ሕግ የለውም፤ መሸምደድ ነው» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
ሽሮ እያማሰልኩ ጮክ ብዬ ሸመደድኩ። ብሪንግ፣ ብሮት... ካች፣ ኮት... ጎረቤቴ እትዬ ጌጤ ከግድግዳው ወዲያ፣ «ደመቀች፣ ማን መጣ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«እኔማ ተሾመ የደወለ መስሎኝ...»

ባሌ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ዓመት አለፈው። ሽሮው አረረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ተባልን። «ባሌ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል» ለማለት ሃዝ ቢን ብዬ ጻፍኩ። ቲቸር አንብባ ፊቷ በራ። «እንዴ፣ መጣልሽ? እንኳን ደስ አለሽ!»

«ኧረ አልመጣም።»

«እንግዲያ ጎን ነው የሚባለው። ቢን ሄዶ ለተመለሰ ነው። ጎን ሄዶ እዚያው ላለ።»

ክፍሉ ሁሉ አየኝ። ሰርዤ ማረም ነበረብኝ... እጄ እምቢ አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21
አልሄድኩም። ተኝቼ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3
ብርሃነ መስቀል ከጆሃንስበርግ ደወለ። ከተሾመ ጋር አብረው ነው የሄዱት። «እህቴ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው...» አለ። ተሾመ ደህና ነው። ሱቅ ከፍቷል። እዚያ አግብቶ ልጅ ወልዷል።

በሕይወት አለ። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ለማን ልንገር?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12
ተመለስኩ። ሰሌዳው ላይ ሊቭ፣ ሌፍት፣ ሌፍት። ትቶ መሄድ ነው። በሌፍት ዓረፍተ ነገር ሥሩ ተባልን። አጠገቤ የምትቀመጠው ሳሌም «ግራ እጄን ያመኛል» አለች በእንግሊዝኛ።

«እዚህ ላይ ሌፍት ግራ ማለት ነው። እጇን ስለሚገልጽ ቅጽል ነው። ሌላስ?»

እጄን አወጣሁ። ማይ ሃዝባንድ ሌፍት ሚ።

ቲቸር ጠመኔዋን አስቀመጠች። «እዚህ ላይ ግስ ነው» አለች በቀስታ። «ትክክል ነው።»

ደጅ ወጥቼ ሳለቅስ ራሔል ደረሰችብኝ። አጠገቤ ቆመች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24
ለገና አባቴ አገር ጎረቤላ ልሄድ ነው። ራሔልን «አንቺስ?» ብላት፣ «ቤተሰቦቼ ሩቅ ናቸው። እዚሁ ነኝ» አለች። ሰው የሌላት እኔ ብቻ መስሎኝ...

አባቴ ጋ ደወልኩ። «አባዬ፣ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ።»

«ተሾመ ነው?» አሉ።

«አይደለም። ጓደኛዬ ናት። ተሾመ ትቶኛል።» በአማርኛ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«እሷስ» አሉ በመጨረሻ፣ «የኛን ብርድ ትችለዋለች? ጋቢ ላዘጋጅላት።»