ለልጄ ስለተመደበላት ጸጥ ያለ የፈተና ክፍል

ክቡር ርዕሰ መምህር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎና ድምፅዎ እንደተለመደው ብርቱ እንደሆኑ ከሱቄ ሆኜ ስለምሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ጫማ የምሸጠው፣ መምህራኑ «አውሎ» የሚሏት ተማሪ አባት ነኝ። ሐኪሟ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለባት አረጋግጦ መድኃኒት አዟል፤ ለፈተናም ጸጥ ያለ ክፍልና በየመሃሉ አጭር እረፍት እንዲሰጣት ጽፎላችኋል። የሰኞውን ፈተና ከወደቀች ክፍል ትደግማለችና፣ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ።

፩. ስለ ኮሚቴው ውይይት አመሰግናለሁ። የሒሳብ መምህሩ መድኃኒቱን ትታ ብትሮጥ እንደሚሻላት፣ የስፖርት መምህሩ ሩጫውን ትታ መድኃኒቷን ብትውጥ እንደሚበቃት፣ የወላጆች ተወካይዋ ደግሞ ሁለቱም ቀርቶ ቆንጠጥ ብትደረግ እንደሚያልፍላት አስረድተውናል። እርስዎም ስልክ ለማናገር ደጋግመው ወጥተው ሲመለሱ «ልጅቷ አንድ ቦታ አትረጋም» ብለው ስብሰባውን በስምምነት ዘጉልን። የሐኪሙ ደብዳቤ ከሁለተኛው መስመር አልፎ አልተነበበም።

፪. ትኩረቷ እንዲሰበሰብ ከፊት፣ በሩ ሥር ስላስቀመጣችኋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ እያየች ስለምትነግረን፣ ምክትልዎ በስንት ሰዓት እንደሚገቡ ከእርስዎ ይልቅ እኛ ቤት ይታወቃል።

፫. በተቅበጠበጠች ቁጥር ከእረፍት ሰዓት ስለምትከለክሏት እጅ እነሣለሁ። እኔ ጫማው ለጠበበው ደንበኛ ሌላ ቁጥር አወጣለታለሁ እንጂ እግሩን ቁጭ ብዬ አልመክረውም፤ ንግዴ ያላደገው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

፬. ከሁሉ በላይ ጸጥ ስላለው ክፍል። ትናንት ሄጄ አየሁት፤ የማርሽ ባንዱ ዕቃ ቤት ነው። «ጸጥታ ይከበር» የሚለው አዲስ ወረቀት ትልቁ ከበሮ ላይ ተለጥፏል። ባንዱ ሰኞ ጠዋት እዚያው እንደሚለማመድ ዘበኛው ነገሩኝ፤ ከበሮው ያለ እርስዎ ፊርማ ንቅንቅ አይልም አሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ባዶ ነው። ኃላፊዋም ልጅቷን እየተቆጣጠሩ ሊያስፈትኗት ፈቅደዋል። የቀረው የእርስዎ እሺታ ብቻ ነው።

ለጸጥታ ያለዎትን ፍቅር ከፍ ባለ ድምፅ የማደንቅ፣
ጫማ ሻጩ፣ የአውሎ አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ሁሉ ተቀምጠው አንብበው ለመጨረስ ከከበደዎት ምንም ነውር የለውም። ተነሡና ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው ይመለሱ። ለልጄ የታዘዘላት እረፍት ይኸው ነው፤ እርስዎን ግን ማንም ክፍል አያስደግምዎትም።