ታቦቱ የሚያርፍበት

ኅዳር 14፣ ደብረ ታቦር

የቄስ አዱኛን የዓይን ሥር አጥንት በቅሎ ረግጣ አድቅቃዋለች። ነገ የምጠግነው ከአናታቸው ስስ አጥንት ቆርጬ በመትከል ነው።

አናታቸው ላይ የሚቀረውን ጉድጓድ በምን እንደምሞላው ሳምንቱን ሙሉ ሳወዳድር ከረምኩ። የአጥንት ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ካመረቀዘ ግን እንደገና መክፈት ነው። የቲታንየም ወንፊቱ ጥሩ ነበር፤ ከአዲስ አበባ አልደረሰም። ስቦረቡር የሚወጣው የራሳቸው አጥንት ብናኝ ከገላ ጋር ይስማማል፣ ግን ቶሎ አይጠናም፤ ትንሽም ይሰረጉዳል። ጥምጥም ይሸፍነዋል ብዬ ብናኙን መረጥኩ።

ዛሬ ይህንኑ ስነግራቸው ጥምጥማቸውን ፈቱና “ከየት ላይ ነው የምትቆርጠው ልጄ?” አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።

“እሱማ ታቦቱ የሚያርፍበት ነው።”

በየዓመቱ ጥምቀት የምወርድ ሰው ይህን እንዴት ሳላስበው እንደቀረሁ አላውቅም።

“እንግዲያው ሲሚንቶ ላድርግልዎት” አልኩ።

“ከታቦት ሥር? የለም፣ የራሴው አጥንት ይሁን።”

“እንዲያ ከሆነ ለዘንድሮ ጥምቀት ሌላ ቄስ ይሸከም። አጥንቱ እስከዚያ አይጠናም፣ አባቴ።”

ጥምጥማቸውን ቀስ ብለው መልሰው ጠመጠሙ።