ከአግዳሚው ላይ የታየ

ማርሎ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 28 ቀን 1909

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለሌቲ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ፣ ያ የጉልበታቸው ሕመም በዚህ ብርድ እንዴት አደረጋቸው? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ብቻ ደክሞኛል። ምድጃው ዛሬም ያጨሳል። ድመትሽ እኔን ንቃ ጎረቤት ገብታለች።

የዘንድሮው ውድድር ሐሙስ ዕለት በምስጋና ቀን ጨዋታ አለቀ። እስከዚያ ድረስ ከስድስት ግጥሚያ አምስቱን አሸንፈን በአንዱ አቻ ወጥተን ነበር። ወቅቱን ሙሉ ጭቃ ነበር። ልጆቹ ኳሱን አቅፈው ሲወድቁ አስር ሰው ይከመርባቸዋል፤ ስንቱን ትከሻ እንዳሸሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ የቅባቱ ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሏል። ከተማው ግን በደስታ ሰክሮ ነበር። ዓምና በወንድምሽ በኦሪን ቀብር ላይ "ይኸ ጨዋታ ይቅር" ይሉ የነበሩት ሁሉ ዘንድሮ ከፊት ለመቀመጥ ሲጋፉ አየኋቸው። እኔም ማሠልጠኑን እተወዋለሁ ብዬሽ አልተውኩም፤ አንቺም በዚሁ ወደ እናትሽ ሄድሽ። አልፈርድብሽም።

ነገርን ከሥሩ ነውና የሐሙሱን ከጋዜጣ ሳይሆን ከእኔ ስሚው። ከብሬክስተን ኮሌጅ ጋር ዜሮ ለዜሮ ነበርን፤ የቀረው አስር ደቂቃ ነው። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ አሠልጣኝ አግዳሚው ላይ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ከተነፈሰ ቡድኑ ይቀጣል። ተጫዋች የሚያስወጣው አምበሉ ነው፤ አንዴ የወጣ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ አጥንቱ ቢሰበር እንኳ "አመመኝ" የሚል ልጅ የለም። የጫማ ሰሪው የቮስ ልጅ ክላይድ ጭንቅላቱን በጉልበት ተመታና ወደቀ። ከዚያ ተነሣና ሄዶ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ከብሬክስተን ልጆች ጋር ተሰለፈ። ሰዉ ሳቀ። አምበላችን ኤሜት ክንዱን ይዞ ወደ ቦታው መለሰው።

እኔ ተነሥቼ ወደ ሜዳው ገባሁ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ኤሜት ሮጦ መጥቶ ደረቴን ያዘኝ።

"ኮች፣ ምን ነካህ? ተመለስ እንጂ፣ ልታስቀጣን ነው። ልጁ ደህና ነው፤ ትንሽ ዞሮበት ነው።"

"ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠይቀው።"

"ቀኑንማ እኔስ መቼ አውቄው። አስር ደቂቃ ብቻ፣ ኮች፣ አስር ደቂቃ።"

ክላይድን ደግፌ አወጣሁት። የመጨረሻ ጨዋታው ስለነበር እያለቀሰ ሰደበኝ። እኔ በመግባቴ ዳኛው አስራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ገፋን፤ ብሬክስተኖችም ኳሱን ከዚያው ከቅርብ መትተው በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል አሳለፉትና ሦስቱን ነጥብ ወሰዱ። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ሐኪሙ ልጁ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አይውረድ ብሏል፤ ይድናል።

ትናንት ልላጭ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ሦስቱም ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ፀጉር አስተካካዩ ኸርሼል "ተይዟል" አለኝ። በማን ብለው "በአሸናፊዎቹ፤ እስኪመጡ እየጠበቅናቸው ነው" ብሎ ምላጩን ማፋጨት ቀጠለ። እንግዲህ ይህን የምጽፍልሽ ከነጢሜ ነው። ነገ ደግሞ ኮሌጃችን ጠርቶኛል። የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ አልከፋኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዓምና ኦሪን ሜዳው ላይ ወድቆ ከመቅረቱ በፊት ተንበርክኮ የታሰረውን የጫማ ማሰሪያ እየደጋገመ ሲያስር እንደነበር ሰዎች ነገሩሽ። አንቺም "አይተኸው ነበር?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበር አልኩሽ። እናትሽም ሲጠይቁኝ ይህንኑ አልኳቸው።

ሐሙስ የተቀመጥኩት እዚያው አግዳሚ ላይ ነበር፣ በዚያው ሰዓት። ፀሐይዋ ከጀርባችን ነበረች። ሌቲ፣ ዓምናም ከጀርባችን ነበረች። ሦስት ጊዜ ሲያስር ቆጥሬያለሁ። ሕጉ ዝም በል ይላል፤ እኔም ሕጉን ተከትዬ ዝም አልኩ። እያሸነፍን ነበር።

ተመለሺ ብዬ ለመለመን አፍ የለኝም። የኦሪንን ክፍል አልነካሁትም፤ ኮቱም ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። እግዚአብሔር ለእናትሽ ጤና፣ ለአንቺ ዕረፍት ይስጥ። ደብዳቤውን እንደ ወትሮው ጮክ ብለሽ ልታነቢላቸው ከሆነ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ባልሽ
ሃርላን