ስለ የኔታ እንዳላማው ታረቀ ዕረፍትና ሳይሞላ ስለ ቀረው የድንጋይ ከረጢት

ነፋሱ ልዝብ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ የኔታ እንዳላማው እንዴት ሊወድቁ ቻሉ? ከሐሙስ ጀምሮ ከሉማሜ እስከ ይጁቤ ይህን ያልጠየቀ ሰው የለም። እኛም ሌላ ነገር ማሰብ አልሆነልንም።

የሞተር አልባ አውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበር መሥራቹንና መምህሩን የኔታ እንዳላማው ታረቀን ሚያዝያ 10 ቀን 1932 ዓ.ም. ከይጁቤ በላይ ካለው አፋፍ በተደረገ የውድድር ልምምድ ማጣቱን ለአባላቱና ለወዳጆቹ ሁሉ በታላቅ ኀዘን ያስታውቃል። ዕድሜያቸው አርባ አንድ ነበር።

የኔታ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አውሮፕላን መንዳት ተምረዋል። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሞተርም ቤንዚንም አልነበራቸውም፤ የያዙት የክንፍ ንድፍ ብቻ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ከቀርከሃና ከአቡጀዲ የመጀመሪያውን ሞተር አልባ አውሮፕላን ሠሩ። ገበሬዎች ገመዱን በፈረስ እየጎተቱ ከአፋፉ ያስነሷቸው ነበር። የጠላት አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ክንፉን ሣር ማልበስ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው።

በ1930 ዓ.ም. የይጁቤንና የሉማሜን ወጣቶች በሁለት ቡድን ከፍለው ውድድር ጀመሩ። አሸናፊው ከፍ ብሎ የበረረው አልነበረም፤ ሜዳው ላይ ከተነጠፈው ነጭ ሸማ አጠገብ በደህና ያረፈው ነበር። አንድ ቀን በዚህ ጥበብ የአርበኞች ደብዳቤ ዐባይን ይሻገራል ይሉን ነበር። ለመብረር የሚያጣድፈን ይኸው ተስፋ ነው፤ ዛሬም።

በ1931 ዓ.ም. ደንብ አወጡ፤ የአንዱን ቡድን አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት የሌላው ቡድን ተወዳዳሪ ይፈትሻል። «ወዳጃችሁ አይቶ ዝም ሊላችሁ ይችላል፤ ሊያሸንፋችሁ የመጣ ግን አንዲት ምስማር አይምራችሁም» ብለውናል።

ሐሙስ ዕለት የየኔታን አውሮፕላን የፈተሹት የሉማሜው አቶ ድረስ አበረ ናቸው። ገመዱን፣ ክንፉን፣ መሪውን አዩ። ከአብራሪው እግር ሥር የሚቀመጠውን የድንጋይ ከረጢትም አዩ፤ በቦታው ነበር። ይህ ከረጢት የአብራሪውን ክብደት እያሟላ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ እንዳይነሣ ይይዛል። የተሞላው ግን በጥር፣ ሁላችን በተመዘንን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁዳዴ ገባ። የኔታ እስከ ማታ የሚጾሙ ሰው ነበሩ። ከስድስት ሳምንት በላይ ሆነ፤ ሰውነታቸው ጎደለ፤ ድንጋይ አልተጨመረም። አውሮፕላኑ አፋፉን እንደ ለቀቀ አፍንጫው ቀና አለ፣ ፍጥነቱ ሞተ፣ በአንድ ክንፉ ዞሮ ወደቀ።

አላየንም አንልም፤ አይተናል። አቶ ድረስ እየፈተሹ «የኔታ፣ እርስዎ ነዎት ኮቱን የለበሱት ወይስ ኮቱ ነው እርስዎን የለበሰው?» ብለው ቀልደዋል። የኔታም «ዝም በል አንተ! ለፋሲካ በግህን አርደህ ትሞላልኛለህ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። «እስቲ እንደገና ይመዘኑ» ያለ ግን አልነበረም። የራስን ጾም ማውራት ውዳሴ ከንቱ ነው፤ የሰውን ጾም መጠየቅም ነውር ነው፤ ያደግነው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የአቶ ድረስ ሳይሆን የማኅበሩ ነው። ደንባችን ስለ ምስማሩ ጠየቀ፤ ስለ ሰውየው አልጠየቀም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የብርጓልና ለልጆቻቸው፣ ገመዱን ይጎትቱ ለነበሩት ገበሬዎች መጽናናትን እንለምናለን። ከቀብሩ ወዲህ «አውሮፕላን አጠገብ አልደርስም» ላሉት ለአቶ ድረስም ያው የቤተሰብ ኀዘን ነውና እግዚአብሔር ያጽናዎ እንላለን።

የዳግም ትንሣኤው ውድድር ለመታሰቢያቸው ይደረግ የሚሉ አሉ፤ ይቅር የሚሉም አሉ። ከእሳቸው እጅ ተመርቀን የወጣን ወጣቶች አርፈን መቀመጥ አልቻልንም፤ ትናንት ቅዳሜ እንኳ አንድ አባላችን ብቻውን ሊነሣ ገመድ ሲያሰናዳ ደርሰን አስቁመነዋል። የእሱም ከረጢት በጥር የተሞላው ነበር። የዐሥራ አራታችንም አብራሪዎች ከረጢት የጥር ነው፤ ሰሙነ ሕማማት ደግሞ ገና ነገ ይገባል።

ስለዚህ በዕለቱ ያልተመዘነ ማንም ሰው እንዳይነሣ ወስነናል። አባላት ሆይ፣ በየገበያችሁ ባለው የእህል ሚዛን ተመዝናችሁ እስከ ፋሲካ ማግስት ውጤቱን ላኩልን። ምን ያህል እንደ ጾማችሁ አንጠይቅም፤ ምን ያህል እንደምትመዝኑ ብቻ ጻፉልን።