ከበር ጀርባ የነበረው ጣሳ

ሰኔ 27
ዝናቡ ዘገየ። ቢሮ ሁለት ሪፖርት መለስኩ፤ የችግኝ መደብ ርዝመት እንኳ በትክክል አይጽፉም። ቤት ገብቼ የወይራ መደቤን አየሁ… ዘንድሮም ምንም። ፍሬውን ለቀምኩ፣ ላጥኩ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ በመስመር ዘራሁ። ሁለት ጊዜ! ሠላሳ ዓመት በደን ሙያ የኖረ ሰው አንድ ወይራ ማብቀል ያቅተዋል? የባለቤቴ የመስታወት ሙት ዓመት ነሐሴ 24 ነው። መቃብሯ ራስጌ ወይራ እተክላለሁ ብያለሁ።

ሐምሌ 3
ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወዳለው የእናትነሽ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። ምን ምርጫ አለኝ? ግን ይሄ ጣቢያ ይባላል? ጌሾው ከጎመኑ፣ ጤና አዳሙ ከጽጌረዳው ተደባልቋል። መስመር የለ፣ ምልክት የለ።
"ምን ዓይነት አሠራር ነው ይሄ?"
"ጋሽ እንግዳው፣ ገና ከበር ሳያልፉ ተቆጡ?" ብላ ሳቀች።
ከጓሮው ጀርባ ትንሽ ጫካ አላት። በጽዶቹ ጥላ ሥር… ወይራ! ስንዝር ስንዝር ያህል፣ እዚህም እዚያም። አርባ ይሆናል።
"ዘሩን ምን አድርገሽው ነው?"
"እኔ ምንም። ፍየል ናት ያደረገችው።"
ፍየል ፍሬውን ትበላለች፤ ስታመሰኳ ዘሩን በረት ውስጥ ትተፋዋለች። ጠዋት ጠርጎ መልቀም ነው አለች።
"ማን አስተማረሽ?"
"ባለቤትዎ። ዘሩንም በጣሳ ታመጣልኝ የነበረችው እሷ ናት።"
መስታወት? እዚህ?

ሐምሌ 4
ግራ ገባኝ። ገበያ ደርሼ ልምጣ ስትል እዚያ ነበረች ማለት ነው? ለምን አልነገረችኝም? ወይስ ነግራኝ አልሰማሁም? አንድ ቀን እራት ላይ፣ "አንተ ሰው፣ ፍየል ካንተ ትሻላለች" ብላ ሳቀች። ስድብ መስሎኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩ።

ሐምሌ 5
ጣሳው!
ከበር ጀርባ ነበር። ለቅሶው ባለፈ በሳምንቱ ቤት ሳጸዳ አገኘሁት። የፍየል በጠጥ፣ አፈር፣ ጠጠር የመሰለ ፍሬ። "ቤቱ በረት ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። በማን ላይ? ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።
ምድጃ ውስጥ ደፋሁት። እሳቱ ይነድ ነበር።

ሐምሌ 20
እናትነሽ ዘንድ ተመለስኩ። "የመጨረሻውን ዘር አቃጥዬዋለሁ" አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር…
"ፈርታዎት እኮ አይደለም ያልነገረችዎት" አለች። "‹ሲበቅል አሳየዋለሁ፤ አሁን ከነገርኩት ፍየሎቹን በመስመር ያቆማቸዋል› ትል ነበር።"
ሳቄ መጣ። እንባም። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።
ጎንበስ ብላ አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ አነሣችልኝ። "ይሄን በእጇ ነው የዘራችው።"

ነሐሴ 24
ተተከለ። ትንሽ ዘመም ብሏል። ላቃናው እጄን ሰደድኩና… ተውኩት።

ኅዳር 6
ጠዋት የጎረቤቴን የገብረ አምላክን የፍየል በረት ጠረግሁ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኛል።
"እንግዳው፣ ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነበር?"
"ወሬውን ተውና ያንን መጥረጊያ አቀብለኝ።"
ግማሽ ጣሳ ሆነ። ለእናትነሽ ቅዳሜ አደርሳለሁ። እስከዚያ ከበር ጀርባ አስቀምጬዋለሁ።