ሊሊሽን እንደ ድንች ቆፈርሁት

የኔዋ እናኒ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ስፍራ ክረምትና በጋ የሚፈራረቅበት አይመስለኝም። እኛ ግን ያለ አንቺ አንድ ሙሉ ክረምት ከርመን ወጣን። የተለየሽኝ በወርኃ ጽጌ ነበር፤ ይኸው ጽጌ ዞሮ ገብቶ ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትሽንም ባለፈው ሳምንት አወጣን።

ደብረ ታቦር አሁንም ጧት ጧት ጉም ትለብሳለች። ከአልጋዬ ሳልነሣ በመስኮቱ ስመለከት ግቢው ነጭ ይሆንብኛል። አንዳንድ ቀን እዚያ ነጭ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ አረም የምትነቅዪ ይመስለኛል፤ ቀሚስሽ በጤዛ ርሶ፣ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አሥረሽ። ተነሥቼ አልወጣም። ብወጣ እንደማላገኝሽ አውቃለሁና ተኝቼ አይሻለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ይገፈፋል፣ አንቺም ትሄጃለሽ።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። የጓሮው በር ተጠግኗል። ጽጌረዳሽ አጥሩን አልፋ መንገድ ላይ ተንጠልጥላለች፤ አላፊ አግዳሚው እየቀጠፈ ይሄዳል፣ እኔም ዝም እላለሁ። የጎረቤታችን የብርቄ ዶሮዎች ዛሬም የአበባ መደብሽን ይጭራሉ። አንቺ ትቆጪያት የነበረውን እኔ በውክልና እቆጣታለሁ፤ እሷም እንደ ድሮው አትሰማም።

ከይፋግ ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ያመጣሻት የሊሊ ሥር ነጭ ሽንኩርት መስላኝ «ለወጥ ትሆናለች» ያልሁሽ ትዝ ይልሻል? ሳምንቱን ሙሉ ሳቅሽብኝ። ምን ላድርግ፣ የጉና ሰው ነኝ፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነገር ሁሉ ለአፍ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። አንቺ ግን መደቧን ከፍ አድርገሽ፣ ውኃ እንዳያቁርባት ጠጠር ከሥሯ አንጥፈሽ ተከልሻት። ሊሊ ከእግሯ ጥላ፣ ከራሷ ፀሐይ ትወዳለች እያልሽ አሪቲ በዙሪያዋ አበቀልሽላት። መስከረም ላይ ስታብብ አበባዋን ብቻ ነበር የምትቆርጪ፤ ቅጠሏን የነካ ወዮለት። ቅጠሏ የከርሞ ስንቋ ነው ትይ ነበር። አበባውን በጽጌ ለቤተ ክርስቲያን ስትወስጂ እኔ ከኋላሽ እከተላለሁ፤ ሽታው በብርዱ አየር ውስጥ እንደ ክር ይመራኝ ነበር።

አንቺን ከቀበርን በኋላ ለልጃችን ለትርንጎ አልነገርናትም። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ በዓረብ አገር፣ በሰው ቤት፣ ደግፎ የሚያስለቅስ ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም። ለጥር ልትመጣ ነውና መጥታ፣ ወገን ከቧት ትስማ አልን። እስከዚያው በስልክ «እማዬስ?» ስትለኝ «አበባዎቿ ዘንድ ናት» እላት ነበር። ደጋግሜ ስለው ለራሴም እውነት እየመሰለኝ መጣ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ወረደና የሊሊሽ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተኛ። ጉና ላይ የድንች ቅጠል እንዲያ ሲሆን ይቆፈራል፤ ካልተቆፈረ ይበሰብሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ዶማዬን ይዤ ወጣሁና መደቡን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥሁት። ሥሩን ሁሉ ለቅሜ፣ እንደ ዘር ድንች ጭድ ባለበት ቅርጫት ከትቼ ከአልጋዬ ሥር ከተትሁት። አበባሽን ያዳንሁልሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ትርንጎ በጥር ወር፣ አንድ አመሻሽ ላይ ደረሰች። ጥቁር የለበሰው ሁሉ ልብሱን ቀይሮ ተቀበላት። «እናትሽ ይፋግ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳለች» አልናት። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነውና ሽማግሌዎቹን ለንጋት ቀጥረናቸዋል። እሷ ግን ቀድማቸው ነቃች፤ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። የተገለበጠውን ባዶ አፈር ስታይ የውኃው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። እናቷ በሕይወት እያለች ያ መደብ እንዲያ እንደማይሆን ታውቃለች። ሽማግሌዎቹ ከበሩ ሲደርሱ ጩኸቷ ተቀበላቸው፤ ለመናገር የመጡትን ዶማዬ ነግሯታል።

ከዚያ ወዲያ አኮረፈችኝ። መደበቃችንን ወግ ነው ብላ ተወችው፤ መደቡን ግን አልተወችውም። እራት ታቀርብልኛለች፣ እግሬን ታጥበኛለች፣ ቃል ግን የላትም። አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ ለብርቄ «ከፋሲካ በኋላ ወደ ዓረብ አገር እመለሳለሁ» አለቻት። እናኒ፣ ያን ቀን ፈራሁ። አንቺ ስትሄጂ አለቀስሁ እንጂ አልፈራሁም ነበር፤ ለካስ ትርንጎ ትመጣለች እያልሁ ነበር የምጽናናው። እሷም ከሄደች በዚህ ቤት ውስጥ የሚጠራኝ ሰው አይኖርም ብዬ ፈራሁ።

በዐቢይ ጾም አንድ ጧት ቤት ስትጠርግ ቅርጫቱን ከአልጋዬ ሥር ጎትታ አወጣችው። ጭዱን ገለጥ አድርጋ አየች። አንዷን ሥር በመዳፏ አገላብጣ «አባዬ፣ ድንች መስሎህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች። ሳቋ ያንቺ ነው፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ይመጣል። ከዚያ ሥሮቹን አንድ በአንድ እያነሣች አሳየችኝ። ባለፉት ዓመታት አበባዋ አነሰ ስትዪ አልነበር? እናቲቱ ሥር ዙሪያዋን ልጅ አፍርታ፣ መሬት ጠቧት ኖሯል። ትርንጎ ልጆቹን እየለየች «እንኳንም ቆፈርኸው» አለችኝ። ብርቄ በኋላ ስትሰማ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለች። እኔ ግን የዚያን ዕለት የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው፤ አባዬ ብላ ጠርታኛለች።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ትሄጃለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ጥያቄዬ መንገዱን የሚያስታውሳት መሰለኝ። በግንቦት ትልልቆቹን መደቡ ላይ፣ ትንንሾቹን ለጊዜው ብላ ጥግ ላይ አስጠግታ ተከለቻቸው። ክረምቱ መጣ። ስልክ ይደወልላታል፣ በዓረብኛ ታወራለች። ቃሉ አይገባኝም፤ እኔ ከደጅ ተቀምጬ ዝናቡን የማይ መስዬ ድምፅዋን አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ትለማመጣለች፣ አንዳንዴ ትቆጣለች፣ ከዚያ ወጥታ ከአጠገቤ ትቀመጣለች። ምንም አትነግረኝም።

መስከረም ላይ ሊሊሽ አበበች። እንዲያ ስታብብ አይቻት አላውቅም። ማታ ማታ ሽታው በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሲሞላው፣ አንቺ ከጓዳ የምትወጪ ይመስለኝና አንገቴን አዞራለሁ። ትርንጎም ስታዞር ያዝኋት። አበባውን ቆርጣ፣ ቅጠሉን ሳትነካ፣ ለጽጌ ወሰደችልሽ።

ትናንት ጧት ደግሞ «ከጓሮ ያለውን የድንችህን መሬት እፈልገዋለሁ» አለችኝ። ደነገጥሁ፤ ግን ለማን ብዬ እከለክላታለሁ። ጉሙ ሳይገፈፍ አብረን ቆፈርን። ጥግ ላይ የነበሩትን ትንንሾቹን አውጥታ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት በመስመር፣ አራርቃ ተከለቻቸው። ጣት የማያክሉ ናቸው። እነዚህ ደግሞ መቼ ሊያብቡ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«በሦስተኛው ክረምት» አለች፣ ቀና ሳትል። «እስከዚያ ከውርጩ እኔ እሸፍናቸዋለሁ። አንተ ብቻ ዶማህን አታስጠጋ።»

እናኒ፣ ሰማሻት? እኔ መስማቴን እስካሁን አላመንሁም። አፈሩን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልሁ፤ ዕንባዬን እንድታይ አልፈለግሁም።

ስምሽን ሳልጠራ የሚመሽ ቀን የለኝም፤ ወደ ፊትም አይኖረኝም። ትንንሾቹ ሲያብቡ የመጀመሪያዋን ይዤልሽ እመጣለሁ። ዕድሜ ካጠረኝም አታስቢ፤ ትርንጎ ታመጣልሻለች። እሷ እዚሁ ናት።